በሰማያዊ የገለበጥኩት ገጽ

የጎረቤቴ ልጅ ጉንፋን ይዞት ሰንብቷል። ትናንት ጠዋት እናቱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅላ፣ ልጁን በብርድ ልብስ ሸፍና ስታጥነው እንፋሎቱ በመስኮቴ ገባ። መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ገጹን ሳልጨርስ ዘጋሁት። ያ ሽታ ለእኔ የጉንፋን ሽታ አይደለም። አምቦ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ቲቸር ደበላ ማሰሮ ላይ አጎንብሶ የሚታጠንበት ሽታ ነው። ሳንባውን ታሞ ነበር። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ከእሱ እጅ ወደ ሲስተር ሩት፣ ከሲስተር እጅ ወደ እሱ ደብተር የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ሳላደርስ ቆየሁ። የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። እናቴ ጠላ ትሸጣለች። ውሃ የሚቀዳላት፣ ጌሾ የሚወቅጥላት፣ ጋን የሚያጥብላት ሰው ያስፈልጋታል፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት መሠረተ ትምህርት ሲመጣ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከእናቴ ጎን አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ያስተማረን ቲቸር ደበላ ነበር። እናቴ ከ"ለ" እና ከ"ሐ" ጋር ስትታገል እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መፈክር ሁሉ አንብቤ ጨርሼ፣ የአዳራሹን የወንበር ቁጥሮች ማንበብ ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ስንወጣ እናቴን በር ላይ አቆማት።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ይቺን ልጅ ለቀን ትምህርት ይስጡኝ።"

"ጋኑን ማን ሊያጥብልኝ?"

"እኔ አጥባለሁ።"

እናቴ ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ በማግስቱ እሑድ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። "ኧረ በሥላሴ! አስተማሪ ጋን አሳጠበች ልታሰኘኝ ነው?" ብላ ከደጃፍ መለሰችው። በሚቀጥለው መስከረም ትምህርት ቤት ገባሁ።

ቀጥታ ሦስተኛ ክፍል አስገቡኝ። ቁመቴ ከሁሉም ስለሚበልጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ስገባ ብድግ ይሉና "እትዬ አስካለ፣ ልጆችሽን ለማን ጥለሽ መጣሽ?" ይሉኛል። አንዷማ ሕፃን እንደታዘለ አድርጋ ጀርባዬን መታ መታ ታደርግ ነበር። ዝም እላለሁ። ቲቸር ደበላ ይህን ዝምታዬን አይቶ ሳይሆን አይቀርም በዓመቱ፣ አራተኛ ክፍል ስገባ፣ ደብተሩን ለእኔ የሰጠኝ።

ቲቸር ደበላ እንግሊዝኛ ነበር የሚያስተምረን። ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳን አይሞላውም። የጌዶ ልጅ ነው። እንግሊዝኛን የተማረው ከሕንዳዊ መምህር ነው፤ በቋንቋው ተወልዶ ካደገ ሰው ጋር ግን አንድም ቀን ተነጋግሮ አያውቅም። መጽሐፍ የማይነግረው ነገር እንቅልፍ ይነሣዋል። ሰው ሲያስነጥስ አጠገቡ ያለው ምን ይለዋል? የታመመ ሰው ጠይቀው ሲወጡ የሚሉት የመጨረሻ ቃል ምንድን ነው? እንዲህ ያለውን የሚመልስ መዝገበ ቃላት የለም። በከተማው ጫፍ ባለችው ትንሽ ክሊኒክ ግን ሲስተር ሩት ነበረች፣ እንግሊዝ አገር ተወልዳ ያደገች ነርስ።

ራሱ ሄዶ የማይጠይቃት በሁለት ምክንያት ነው። አንዱን ነግሮኛል፤ "አነጋገሬን ብትሰማ ትስቅብኛለች፣ ጽሕፈቴ ይሻላል" ብሎ። ሁለተኛው ሲገባኝ ዓመታት ፈጅቷል። በዚያን ጊዜ መምህር ፈረንጅ ደጅ ሲመላለስ ከታየ "ምን ፈልጎ ነው?" የሚል አይጠፋም። ደብተር የያዘችን ልጅ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያትም።

በግራው ገጽ እሱ ይጠይቃል፣ በቀኙ ገጽ እሷ ትመልሳለች። ቅዳሜ ጠዋት እወስደውና ሕሙማኑ እስኪያልቁ ሰልፉ ጫፍ እቀመጣለሁ። ዘበኛው ኦቦ ቱሉ "አንቺ ደግሞ ምንሽን ነው የሚያምሽ?" ይለኛል በየሳምንቱ፣ እያወቀ። ሲስተር አማርኛዋ ብዙ አይደለም፤ ኦሮምኛዋ ግን የአገሬው ነው። በሩን ከፍታ ስታየኝ "አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?" ትለኛለች፤ ልጄ፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። ሌላውንም የምናወራው በኦሮምኛ ነበር።

"የዛሬው ከባድ ነው፣ ቀላል?"

"አላውቅም ሲስተር። ፊደሉን እንጂ ቃሉን አላነብም።"

"እኔም አንዳንዱን አላውቅም። በቋንቋው ተወልጄ ይሄን ሰው ካገኘሁ ወዲህ ነው ቋንቋዬን ማሰብ የጀመርኩት።"

ቆማ፣ ደብተሩን የመድኃኒት ሣጥን ላይ አስደግፋ ትጽፋለች። ሰኞ ቲቸር ደበላ ክፍል ውስጥ ያነብልናል፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ የኋላ ወንበሮቹ ካልሳቁ ደግሞ በኦሮምኛ። አንድ ሰኞ ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ "እኛ አገር ሰው ምግብ ላይ ሳለን እንግዳ ቢገባ 'እንብላ' እንለዋለን። እናንተ ምን ትላላችሁ?" የሲስተር መልስ፦ "ምንም አንልም። እንግዳው ይቅርታ ይጠይቅና በኋላ ይመለሳል።" ከፊት ወንበር አንዱ ትንሽ ልጅ "ታዲያ ምግቡስ?" ሲል ቲቸር ደበላ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ሳል ያዘው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሉን ያስተዋልኩት ያን ዕለት ነው፤ ኅዳር ላይ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ "'እንዴት ነህ?' ሲባል ደህና ያልሆነ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?" ብሎ ጠየቀ። ሲስተር ስትመልስ "ታሞም ቢሆን 'ደህና ነኝ' ይላል። ልማዳችን ነው። ጥሩ ልማድ ነው አልልም" አለች። ይህን ሲያነብልን አልሳቀም። ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን በመሐረብ ጠረገ።

ከገና በኋላ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ሰኞ ሰኞ ማንበቡን ተወ። ጥያቄዎቹ ግን አልቆሙም፤ እንዲያውም ረዘሙ። ሁለተኛ፣ የሲስተር መልስ በቀይ መጻፍ ጀመረ። በክሊኒኩ ካርድ ላይ የምትጽፍበት እስክሪፕቶ እንደሆነ፣ ሰማያዊዋ አልቆባት እንደሆነ ማን ይንገረኝ? እኔ ስለ ቀይ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀይ የስህተት ቀለም ነው። ቲቸር ደበላ ራሱ ደብተራችንን የሚያርመው በቀይ ነው። የቀኙ ገጽ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሞልቶ ሳየው ሲስተር እያረመችው መሰለኝ። እየወደቀ ነው፤ ለዚያ ነው ማንበቡን የተወው፤ አፍሮ ነው።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ጠላ የሚጠጡ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

"ያ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሊነሳ ነው አሉ።"

"የጌዶው ልጅ? ምን አድርጎ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አስጠርቶታል።"

ዳይሬክተሩ ያስጠራው ስለ ሳሉ ነበር። እኔ ግን በልቤ ደብተሩን ከዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሲገልጠው፣ ቀዩን ሲቆጥር ታየኝ። ቲቸር ደበላ ከተነሣ እኔም ወደ ጋኑ እንደምመለስ አልተጠራጠርኩም።

የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሲስተር ጥያቄውን ቆማ አነበበች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ተቀምጣ ስትጽፍ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ገጹን ሞላችው። ስትሰጠኝ ደብተሩን ዘግታ፣ እጇን ከላዩ ሳታነሣ "ሀርከ ኢሳቲ ኬኒ" አለችኝ፤ በእጁ ስጪው። "ለብቻው ሲሆን። ሌላ ሰው እንዳያይ።" ዛሬ ስጪው አላለችኝም። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ብላኝ ቢሆን ኖሮ እታዘዝ ነበር ብዬ ግን መማል አልችልም።

አሁን ገጾቹ ምን ይሉ እንደነበር አውቃለሁ። በግራው በኩል ቲቸር ደበላ እንዲህ ጽፎ ነበር፦ "ለተማሪዎቼ ልምምድ የሚሆን ነው። አንድ ሰው ሁለት ወር ቢያስለው፣ ማታ ማታ ቢያልበው፣ መሐረቡ ላይ ደም ቢያይ፣ ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጎ ይናገራል?" በቀኙ በኩል ሲስተር፦ "ወዳጄ፣ ይህ የእንግሊዝኛ ጥያቄ አይደለም። ሰኞ በማለዳ፣ በኋለኛው በር ና። መድኃኒት አለው። ማንም አያውቅም። ቀን አታሳልፍ።"

ቤት ወስጄ ከጋኖቹ ኋላ ገለጥኩት። ሁሉም ቀይ። ሌላ ሰው እንዳያይ ማለቷ ትዝ አለኝ፤ ነውሩ ከፍቷል ማለት ነው። እዚያው ወሰንኩ፤ ገጹን በሰማያዊ እገለብጠዋለሁ፣ ቀዩን አጠፋለሁ። ዳይሬክተሩ ቢገልጠው እንኳ ንጹሕ መልስ ያያል።

ችግሩ የሲስተር ጽሕፈት ቅጥልጥል መሆኑ ነው። እኛ የተማርነው ለየብቻ የቆሙ ፊደላትን ነው። አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ለማወቅ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። በግድግዳው ስንጥቅ በምትገባው ብርሃን፣ መጀመሪያ በከሰል አሮጌ ካርቶን ላይ፣ ከዚያ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ወረቀት ላይ። አንድ ፊደል ከጠመመብኝ እቀደውና እንደገና እጀምራለሁ። ሁሉንም ገለበጥኩ፤ ነጠላ ሰረዙን፣ ከላይ በቀኝ ጥግ የነበሩትን ቁጥሮች፣ ከታች ያለውን ስሟን። እንዲህ የተጠነቀቅኩለት ሥራ ከዚያ በፊት አልነበረኝም።

"ምንድን ነው እሱ?" ትለኛለች እናቴ።

"የቤት ሥራ።"

"ሦስት ሳምንት የማያልቅ የቤት ሥራ! ጋኑ ሻገተ እኮ።"

ቲቸር ደበላም በየቅዳሜው ከሰዓት ይጠይቀኛል። በልቤ ሁልጊዜ "እሱ" ነው፤ በአፌ ግን "እርስዎ" ነበር የምለው።

"አስካለ፣ መለሰች?"

"ሲስተር የሉም ቲቸር። ለክትባት ገጠር ወርደዋል።"

"ዛሬም?"

"ዛሬም። እጃጂ በኩል ነው አሉ።"

እጃጂን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ውሸት የቦታ ስም ሲኖረው ይቆማል። እሱ ትንሽ ያስልና "እንግዲህ እንጠብቃለን" ይላል። አንገቱ ቀጥኖ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶበት ነበር። አየሁ። አየሁና ሲስተር ስላዋረደችው የከሳ መሰለኝ። ይበልጥ ተግቼ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ትምህርት ቤት ቀረ። የስፖርት አስተማሪው ገብቶ "ዝም ብላችሁ አንብቡ" ብሎን በመስኮት ሲያይ ዋለ። ያን ዕለት ማታ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ጨረስኩ። ቀዩን ገጽ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩ፤ ሰማያዊውን በቦታው በሙጫ አጣበቅሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወንዙን ተሻግሬ ክፍሉ ሄድኩ።

ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ማሰሮው ላይ አጎንብሶ ነበር። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞልቶታል። ደብተሩን ሲያይ ፊቱን ጠርጎ ተቀበለኝና ወደ በሩ ብርሃን ተጠጋ። አነበበ። ከላይ ጥግ ላይ ቆየ፤ ወደ ታች ወረደ፤ ደግሞ ወደ ላይ ተመለሰ። ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰው።

"አስካለ፣ ይሄ የሲስተር እጅ አይደለም።"

ጣቱን አንድ ፊደል ላይ አሳረፈ።

"ሲስተር 'ጂ'ን ጭራ ታወጣለታለች። እዚህም ጭራ አለው። ግን የሲስተር ጭራ አይጠነቀቅም። ይሄኛው ተጠንቅቋል።"

ማልቀስ ጀመርኩ። "ቀይ ነበረ" አልኩት። "ገጹ ሁሉ ቀይ ነበረ። ዳይሬክተሩ ካየው ያነሣዎታል ብዬ ነው።"

"መቼ ነው የሰጠችሽ?" እስኪለኝ ጠበቅሁ። "ትናንት" የሚለው ውሸት ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር። አልጠየቀኝም። እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ተማሪ ሲያርም እንደሚያደርገው ጣቱን ከየቃሉ ሥር እየሳበ አነበበው።

"አንድ ስህተት የለውም" አለኝ። "ነጠላ ሰረዙ እንኳ ቦታውን አልሳተም። ይሄን የሚያደርግ ሰው ትምህርት ማቆም የለበትም። ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

"በይ ሂጂ፣ ንፋስ አለ። በሩን ዝጊው።"

ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ ደስ ብሎኝ፣ ድልድዩን እየሮጥኩ ነው የተሻገርኩት።

ሰኞ በማለዳ ክሊኒክ ሄደ። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ፣ የሳንባ ሐኪሞች ዘንድ ላኩት። ክፍላችን ለቀሪው ዓመት ያለ እንግሊዝኛ አስተማሪ ከረመ። "ደህና ነው አሉ" ሲባል ሚያዝያ አለፈ፤ "መርፌው ተስማማው አሉ" ሲባል ግንቦት አለፈ። ሰኔ ላይ፣ ዝናብ እያካፋ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ ዳይሬክተሩ ኮፍያውን አውልቆ መሞቱን ነገረን። ቀብሩ ጌዶ፣ በአባቱ መንደር ነበር። እኛን አልወሰዱንም። ከፊት ወንበር ያ ትንሽ ልጅ ጮኾ አለቀሰ። እኔ በሽታው ምን እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ሳሉና፣ መሐረቡና፣ ቀዩ ገጽ አንድ ላይ መጡብኝ። ገጹ ምን ይል እንደነበር ያኔ ገና አላውቅም ነበር፤ መጠርጠር ግን ጀመርኩ።

ቅዳሜ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደብተር ሳልይዝ። ሰልፉ ጫፍ ተቀመጥኩ። ኦቦ ቱሉ ምንሽን ነው የሚያምሽ አላለኝም። ተራዬ ሲደርስ ለሲስተር ሩት ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርቶኑን፣ ከሰሉን፣ እጃጂን፣ ምድጃውን። ገጹ ምን እንደሚል አንድ በአንድ ነገረችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት።

"በሰጡኝ ቀን አድርሼው ቢሆን ይድን ነበር?"

እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

"ሂንቤኩ" አለችኝ። አላውቅም። "ቀድሞ ቢመጣ መድኃኒቱን ቀድሞ ይጀምር ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። የማላውቀውን ልነግርሽ አልችልም።"

ከዚያ ትንሽ አሰበችና "ከላይ ጥግ ላይ የነበሩትን ቁጥሮችስ? ገለበጥሻቸው?" አለች።

"ሁሉንም ገልብጫለሁ።"

"የጻፍኩበት ቀን ነው" አለች። "በእኛ አቆጣጠር።"

ምን ማለቷ እንደሆነ ሲገባኝ ወንበሩን ያዝኩ። በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ፣ ሦስት ሳምንት ማቆየቴን ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ከላይ ጥግ ላይ የቆየው ያንን ሲያነብ ነው።

"ሰኞ ሲመጣ ተቆጣሁት" አለች ሲስተር፣ ወደ እኔ ሳታይ። "'ና ካልኩህ ሦስት ሳምንት! ምን ሆነህ ነው?' አልኩት። 'ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው' አለኝ። ስላንቺ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም እስከ ዛሬ ሰነፍ ሕመምተኛ ነው ብዬ ነበር።"

ውጭ የሚያስል ሕፃን ነበር። ኦቦ ቱሉ በሩን በቀስታ መታ።

ቤት ስደርስ እናቴ ክንዷ እስከ ብብቷ እርጥብ ሆኖ፣ ግማሹ የታጠበ ጋን አጠገብ ቆማለች። "የት ነበርሽ እስካሁን?" አለችኝ። በዚያ ዓመት ውሸት ለምጄ ነበር፤ አንዱን ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ጋኑን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጠላ ፈልገው የመጡትን ሁለት ሰዎች በእጇ መለሰቻቸው። ቀኑ ደርሶ ነው አላለችኝም፤ ልጅ ነሽ አላለችኝም። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ በትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ፤ ጀንበር እስክትጠልቅ እንደዚያ ተቀመጥን።